አሥራ ሁለት ፍራሽና አንድ ባለአደራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

አያ ደሴ ቁልፉን ይዘውት ሄዱ። ዛሬም! አሥራ ሁለት አልጋና አሥራ ሁለት አዲስ ፍራሽ ከነላስቲካቸው ዕቃ ቤት ተቆልፎባቸው፣ የማደሪያው ልጆቼ ሲሚንቶ ላይ የቆዳ ጀንዲና ጆንያ አንጥፈው ይተኛሉ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል፤ እኛ አጥንቱ ቀርቶብን ፍራሹን ባገኘን።

ጥፋቱ የራሴ ነው፣ እዚህ ላይ ልጻፈው። ወይዘሮ ዘነቡ ሲሞቱ ቤታቸውንና ባሕር ዛፋቸውን «ከገጠር ወደ መካነ ኢየሱስ ከተማ መጥተው ለሚማሩ ሴት ልጆች ማደሪያ ይሁን» ብለው ተናዝዘው፣ ሦስት ሽማግሌ ባለአደራ አደረጉ፦ አያ ደሴ፣ ቄስ ምናሴና ሐጂ ኑሩ። ሥራውን የሚመራ ደግሞ ሌላ አምስት ሰው ያለበት የዳይሬክተሮች ቦርድ አለ። እኔን ለሥራ አስኪያጅነት የቀጠረኝ ይኸኛው ነው። ባለፈው ወር ሁለቱ ወገኖች እንዳይጋጩ ብዬ ሰበሰብኳቸውና ደንቡን አነበብኩላቸው። እንዲያውም አብራራሁ፦ «ባለአደራ ንብረቱን ይጠብቃል፤ ቦርድ ሥራውን ይመራል፤ አንዱ በሌላው አይገባም።» እንዴት ኮርቼ ነበር! አያ ደሴ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ባሕር ዛፉ ተሽጦ ፍራሾቹ ከደብረ ታቦር የመጡ ዕለት የራሳቸውን ቁልፍ አምጥተው ቆለፉ። «ልጅ ሲተኛበት ይቀደዳል። አደራ እንደተቀበሉት ነው የሚመለስ» አሉ።

ለማን ነው የሚመለሰው? ሴትዮዋ ሞተዋል እኮ!

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 19

ገብርኤል ነው። ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ምናሴን ደጅ ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው። «ልክ ነሽ» አሉኝ። ደስ አለኝ። «ግን ደሴን እኔ አልናገረውም።» ደስታዬ ያችኑ ታህል ነበረች።

ከዚያ የበሬውን ታሪክ ነገሩኝ፣ ለመቶኛ ጊዜ። የአያ ደሴ ጎረቤት ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ ሲወርድ በሬውን አደራ ብሎ ትቶላቸው ሁለት ክረምት ቀረ። በመሀል ከአያ ደሴ በሬዎች አንዱ ሞተ። የአደራውን በሬ ግን አልጠመዱትም። ከሌላ ሰው ለምነው አረሱ። ጎረቤትየው ሲመለስ በሬው ሰብቶ ጠበቀው። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብለው ቄሱ ጨረሱ።

ይገባኛል። ወይዘሮ ዘነቡም የመረጧቸው ለዚሁ ነው። ግን ፍራሽ ተቀምጦ አይሰባም።

ከሰዓት የያለምወርቅ አባት ከስማዳ ደወለ። ያለምወርቅ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ባለፈው ዓመት ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣች። «ልጂቱ በስልክ ስታስል ሰማኋት። ቅዳሜ እመጣለሁ። መሬት ላይ የምትተኛ ከሆነ፣ መሬትማ እኛም ቤት አለ» አለኝ። ወስዷት ከሄደ አትመለስም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ቦርዱ አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። ይከፈት፣ አምስት ለዜሮ! ሰብሳቢያችን መምህር ስንታየሁ ደብዳቤ ጻፈ፣ ማኅተም መታበት፣ እኔ ይዤ በረርኩ። አያ ደሴን አውድማቸውን በእበት ሲለቀልቁ አገኘኋቸው። እጃቸውን ታጥበው ቁጭ አሉና አስነበቡኝ። ሁለት ጊዜ።

«መልካም ደብዳቤ ነው። ግን አደራውን የሰጠኝ ቦርድ ነው?»

«አይደለም፣ አያ ደሴ።»

«እህ። አንዱ በሌላው አይገባም ያልሽን አንች አይደለሽ?»

ከዚያ ደብዳቤውን አጥፈው ሣጥናቸው ውስጥ ከተው ቆለፉበት። ደብዳቤውንም!

ቦርዳችን የሚችለው፦ እኔን መቅጠር። እኔን ማባረር። መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት መወሰን። ሽሮ ወይስ ምስር የሚለውን በድምፅ ብልጫ ማጽደቅ።
የማይችለው፦ አንድ በር መክፈት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ያለምወርቅን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። «ብርድ ነው፤ ከመሬት ትነሣ» አሉኝ። መድኃኒቱንስ ሰጡን።

ደሜ ፈላ። በያጁን ጠርቼ ቁልፉን ቁረጥልኝ አልኩት። መሣሪያውን አንጠልጥሎ መጣ፣ ቁልፉን አገላብጦ አየና «የማን ነው?» አለ። ነገርኩት። «ጥሩዬ፣ እኔ እዚህ ከተማ መኖር እፈልጋለሁ» ብሎኝ እርፍ! መሣሪያውን ይዞ ተመለሰ።

እውነቱን ልጻፍ፦ ሲሄድ ቀለል አለኝ። ሰብሬ ብገባ ከእንግዲህ ማን ቤቱን ለልጆች ይተዋል? ደግሞ እኚህን ግትር ሽማግሌ እወዳቸዋለሁ። ይሄም ያናድደኛል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

ሐጂ ኑሩ ከጁምዓ መልስ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ከእኔ ጋር ወደ አያ ደሴ ሄዱ። አብሮ አደጎች ናቸው፣ አንተ ይባባላሉ። ስለ ፍራሽ ትንፍሽ የለም። ስለ ገብስ፣ ገብሱን ስለመታው ዋግ፣ እንደገና ስለ ገብስ። እኔ በርጩማ ላይ ተቁለጨለጭኩ። ከዚያ ሐጂ ድንገት፣

«ደሴ፣ ያን በሬ አልጠመድኸውም። ላም ቢሆንስ ኖሮ?»

«ምን?»

«የአደራ ላም። ሳታልብ ታኖራት ነበር?»

«ላምማ ካልታለበች ትታመማለች» አሉ አያ ደሴ። ቀጥለው ደግሞ፣ «ቢሆንም ላሟን ላላቢ አሳልፌ አልሰጥም።»

«ማን ስጥ አለህ? ላሟ ካንተ በረት ትደር። ይች ትለባት።»

ይች የተባልኩት እኔ ነኝ። ባሕር ዳር ሦስት ቀን ሥልጠና ተቀምጬ ያልገባኝን የባለአደራና የዳይሬክተር ልዩነት ሐጂ በአንድ ላም ጨረሱት። በሩ ተከፈተ? አልተከፈተም። «እስኪ ልደርበት» አሉ አያ ደሴ። ልደርበት! ነገ እኮ ቅዳሜ ነው!

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

አባትየው በጠዋት አህያ እየነዳ ከተፍ አለ። ያለምወርቅ ልብሷን ሸክፋ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «ትንሽ ይታገሡኝ» እያልኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስቀመጥኩት። የምለው ሲያልቅብኝ ስለ አህያዋ ሁሉ ጠየቅሁት።

አራት ሰዓት ላይ አያ ደሴ ከቄስ ምናሴ ጋር ገቡ። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ አባትየውን ያዙት።

«ልጅህን ለማን ነው አደራ ብለህ የሰጠኸው?»

«ለዚችው ለጥሩወርቅ።»

«ልጅን ያህል?»

«አዎ፣ አያ።»

ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው የተቆጣ ነው፣ በማን እንደሆነ እንጃ። «ልጅ በአደራ የተቀበልሽውን ሴት እኔ ፍራሽ ነፍጌሽ ከረምሁ» አሉ። ከዚያ ከፈቱ።

ያለቀ መስሎኝ! ፍራሹን አንድ በአንድ እየዳበሱ ቆጠሩ። «ተረከቢ። ዋስ ጥሪ» አሉኝ። ሰብሳቢያችን ደብረ ታቦር ሄዷል። ቄሱ አስረካቢ ስለሆኑ ለተረካቢ ዋስ አይሆኑም። ሁላችንም ቆመን ቀረን።

«እኔ እሆናታለሁ» አለ አባትየው።

ሊወስዳት የመጣው ሰውዬ! አህያዋን አጥሩ ላይ አስሮ ገባና የመጀመሪያውን አልጋ ራሱ ተሸከመ።

አሥራ አንድ ልጅ ስላለን አሥራ አንድ አልጋ ዘረጋን። አሥራ ሁለተኛውን አያ ደሴ መልሰው ሊቆልፉበት በሩን ሲስቡ እኔ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። አባትየው ቀደመኝ።

«አያ፣ ታናሿ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። ያችን ለሷ አደራ።»

አያ ደሴ ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። «ከነላስቲኳ ትቆያታለች» አሉት።

አህያዋ ባዶዋን ወደ ስማዳ ተመለሰች። ያችን ፍራሽ ለመጪው መስከረም ከእጃቸው ማውጣት የእኔ ጣጣ ነው። ሲደርስ እናደድበታለሁ።