ካፌ የገቡት ከብቶች

ሰኞ፣ ጥቅምት 13

ዝናብ። ጃንጥላዬን ባጃጅ ውስጥ ረሳሁ... ዘንድሮ ሦስተኛዬ። የመቱ ባጃጅ ሹፌሮች በእኔ ጃንጥላ ሳይጠለሉ አይቀሩም።

አዲሱ ሥራዬ፣ የንባብ አማካሪነት፣ ተጀመረ። ከኋላ ተቀምጦ ክፍሉን ማየት፣ ከዚያ አስተማሪውን «ልጆቹን እንዲህ ቢያስነብቧቸውስ?» ማለት። በጋሼ ኪቲላ ባዮሎጂ ጀመርኩ። እኔንም ዘጠነኛ ክፍል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሲያዩኝ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ገለኔ፣ ዘንድሮም ወደቅሽ እንዴ?»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16

አፈርኩ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ከያዮ የመጣች ዋሪቱ የምትባል ልጅ አለች። እስከ ስምንተኛ የተማረችው በኦሮምኛ፣ በላቲን ፊደል በሚጻፈው ቁቤ ነው። ጋሼ አስነሥተው የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ አስነበቧት። ድመት «ካት» አይደል? ቁቤ ላይ ግን ያቺው «ሲ» የምንላት ፊደል «ጨ» ናት። ልጅቷ በለመደችው አነበበች... «ዘ ጫት ኢትስ ሚት።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ጫት ሥጋ መብላት ጀመረ? ያዮ ነው ይሄ የሆነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ልረዳ የመጣሁት ሴትዮ! ዋሪቱ ተቀመጠች። እስኪደወል ቀና አላለችም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 21

ዋሪቱ ከዓርብ ጀምሮ የለችም። አብራት የተከራየችው ሰኚ፣ «ልብሷን ሁሉ ይዛ ሄደች። ቡና ለቀማ ይሻለኛል፣ ትምህርት በቃኝ ብላለች» አለችኝ። ሮጬ ለጋሼ ነገርኩ።

«ማንበብ ካልቻለች ምን ላድርጋት? እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ።»

«በቁቤ ጥርት አድርጋ ታነባለች እኮ፣ ጋሼ።»

«ቁቤማ ያው ኤቢሲዲ ነው። ማንም ያነበዋል።»

ማንም?... ነገ የመምህራን ሥልጠና አለኝ። ተንኮል አማረኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 22

ከሕፃናት መጽሐፍ አንድ መስመር ሰሌዳ ላይ በቁቤ ጻፍኩ። «ሎን ጨፌ ኬሳ ዼዱ»፤ ከብቶቹ ጨፌው ውስጥ ይግጣሉ። «ጨፌ» በቁቤ የሚጀምረው በዚያችው «ሲ» ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ታላቃችን ነዎት፣ ያንብቡልን።» አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። ግን በእሳቸው ዘመን ቁቤ መቼ ነበረ? ደረታቸውን ነፍተው... «ሉን ካፌ ኪሳ...»

ከብቶቹን ካፌ አስገቧቸው!

የሒሳቡ ጀዋር ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «ምን ይታዘዝ ታዲያ፣ ማኪያቶ?» ጋሼ ግን አልሳቁም። ሰሌዳውን ብዙ አዩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

አበዛሁት? ያስተማሩኝ ሰው እኮ ናቸው...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 25

ጋሼ ስልክ አያነሡም። በአንድ ሳምንት ሁለት ሰው። ጎበዝ፣ ገለኔ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 27

ዋሪቱ መጣች!! ማን አመጣት? ጋሼ! ቅዳሜ በሚኒባስ ያዮ ሄደው፣ ከዚያ በጭቃ በእግራቸው፣ ቡና ስትለቅም አገኟት። እሷው ነገረችኝ፣ አፏን በእጇ ሸፍና።

«'ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከብቶቹን ካፌ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ነይ፣ አንቺም ሳቂብኝና እንታረቅ' አሉኝ።»

«ሳቅሽ?»

«መጀመሪያ አባቴ ሳቀ። ከዚያ እኔም አልቻልኩም።»

ደስ አለኝ። ትንሽም አለቀስኩ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5

ጋሼ አሁን ከማስነበባቸው በፊት አስቸጋሪ ቃላቱን ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል፣ በቁቤ ሲጻፍ እንዴት ይሆናል... ቁቤውን ዋሪቱ ታርማቸዋለች። ሪፖርቴ ላይ ሐሳቡ የእኔ ነው ልል ነበር። የእሳቸው ነው። ተውኩት።

ዛሬ ዋሪቱ ስታነብ አንድ ረጅም ቃል ላይ ቆመች። «ጋሼ፣ ይቺ እንዴት ነው የምትነበበው?»

ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት ቃል ነው። «እውነቱን ልንገርሽ? እኔም በግምት ነው የምላት። ያቺን ከኋላ የተቀመጠችውን ጠይቂያት። ሥራዋ ነው።»

ተነሣሁ። በሙሉ ልብ አነበብኩት። ጋሼ ስልካቸው ላይ መዝገበ ቃላቱን ከፍተው ድምፁን አሰሙን። ወይ ጉድ... እኔ ካልኩት ጋር ዝምድናም የለው።

«አይዞዎት ቲቸር፣ ይድገሙት» አለችኝ ዋሪቱ። ጮክ ብላ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ።

ደገምኩት።