ከኦዶን አፍ ያመለጠችው ሰላምታ

ሐሙስ፣ ጁን 7

ፒያኖ አስተምሬ እንደጨረስኩ፣ እንደ ልማዴ ካፌ። ዶቦስ የሚሉት፣ በቸኮሌት ቅቤ የተደራረበ ኬክ ነበረ። ቅቤው ግን ቅቤ አይደለም... ቢሆንም በላሁት። ካፌው በመንግሥት ከተወረሰ ወዲህ ኬኩ እየቀጠነ ነው፤ እኔ ግን አልቀጠንኩም።

አስተናጋጁ ኦዶን ሳልጠይቀው በእንጨት ዘንግ የተያዘውን የካፌውን ጋዜጣ አመጣልኝ። ሠላሳ ዓመት አስተናግዶኛል። "እንዴት ዋሉ፣ ጓድ ቪልማ?" አለኝ፣ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ፊቱን አጨማዶ። ሳቄን ዋጥኩት። "እጅዎን እስማለሁ፣ እመቤቴ" ማለት የጌቶች ዘመን ሰላምታ ነው ተብሎ አስተናጋጆቹ ከተከለከሉ ወር አለፋቸው።

ሐሙስ፣ ጁን 14

ዛሬ አመለጠው። ኬኩን ሲያስቀምጥ፣ "እጅዎን እስማለሁ፣ እመቤቴ።" ክው አለ። እኔ ሞኟ ግን ደስ አለኝ! እጄን ዘረጋሁለት። ምን ያድርግ? ሳመው።

ቀና ስል መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ ሰውዬ ቡናውን ትቶ ያየናል። ማን ይሆን? አይቼው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጁን 16

ምንም የለም። ምን ይኖራል? ሰላምታ ነው እኮ።

ማክሰኞ፣ ጁን 19

ደኅንነት ቢሮ ተጠራሁ። የጠየቀኝ ወጣት ነው፣ ትሁት። ወንበር ሳበልኝ። ለአንዲት ሴት ሁለት ክፍል ቤት አይበዛም ወይ አለኝ። በቀደም በካሚዮን ጭነው ገጠር የወሰዷቸውን ጎረቤቶቼን አንድ በአንድ በስማቸው ጠራልኝ... ከዚያ ወረቀት አቀረበ።

"የሆነውን ብቻ ነው የጻፍነው። ያንብቡት።"

አነበብኩት። እውነት ነው። ኦዶን ያለውን ብሏል፣ እጄን ስሟል። እጄን መዘርጋቴ ግን የለበትም።

ፈረምኩ። ቤቴን እንዳልነጠቅ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐሙስ፣ ጁን 21

ኦዶን የለም። አዲሷን አስተናጋጅ የት ሄደ አልኳት። "ማን?" አለችኝ። ኬኩን ትቼው ወጣሁ።

እሑድ፣ ጁን 24

የኦዶን ሚስት ኢልካ መጣች። ረቡዕ ወስደውታል፤ የት እንዳሰሩት አልነገሯትም። ሌሎቹ ደንበኞች ቤት ሁሉ አንኳኩታ በር የከፈተላት የለም።

"እርስዎ ያውቁታል። ክፉ እንዳልሆነ ሁለት መስመር ቢጽፉለት... ከእርስዎ ሌላ እውነቱን የሚጽፍለት ሰው የለኝም።"

መፈረሜን ብነግራትስ? አልነገርኳትም። ነገ ጠዋት ተመለሺ አልኳት። እያለቀሰች አመሰገነችኝ። በራሴ አፈርኩ።

ከሄደች በኋላ ወረቀት አወጣሁ። "እጄን የዘረጋሁለት እኔ ነኝ" ብዬ ጻፍኩ። ስሜን ከሥሩ አኖርኩ። አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት...

ቀደድኩት።

ነገ ስታንኳኳ አልከፍትላትም።