የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ ያለቀው ልቦለድሽ

ሕብረት፣

ምስር ወጡ ድስቱ ውስጥ አለ። መጀመሪያ ብዪ፣ ከዚያ ይህን አንብቢ።

ቅዳሜ ቤት ሳጸዳ የተማሪዎቼን አሮጌ ደብተሮች ለቆሎ ሻጯ ለእትዬ ጥሩነሽ መጠቅለያ እንዲሆኑ ሰጠኋት። የፍቅር ልቦለድሽን የጻፍሽበት ደብተር አብሮ ሄዷል። ዛሬ የገዛሁትን ቆሎ ስጨርስ እጄ ላይ የቀረው ወረቀት የአንቺ እጅ ጽሑፍ ነበር።

ከመሳቢያሽ አውጥተሽ ለምን ከተማሪዎቼ ደብተሮች መሃል እንደደበቅሽው አውቃለሁ።

ሮጬ እትዬ ጥሩነሽ ወደምትሸጥበት ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሄድኩ። "አንቺ መምህርት፣ ሰውየው አገባት ወይስ ጥሏት ሄደ? ደንበኞቼ እኮ ቀጣዩን ወረቀት ፍለጋ ቆሎ እየደገሙ ነው!" አለችኝ። የተረፈው ሃያ ገጽ አይሞላም። ጠረጴዛሽ ላይ አድርጌዋለሁ።

አሁን ወደ ድልድዩ ልመለስ ነው። ደንበኞቿ የጣሉት ወረቀት ካለ በየሱቁ እየገባሁ እለምናለሁ።

"ይሄን ማን ያነባል?" ያልኩሽ እኔ፣ አንቺ ሥራ ስትሄጂ ከመሳቢያሽ እያወጣሁ አነበው ነበር። ስንቴ እንደሆነ አትጠይቂኝ። እኔ አራት ዓመት ስጽፍ ኖሬ አንድ ሰው እንኳ እንዲህ አስናፍቄ አላውቅም።

ከተረፉት ገጾች ሥር የጠፋውን ሦስተኛ ምዕራፍ ታገኚያለሽ። በቃሌ ነው የጻፍኩት። አንድም ቃል አላረምኩም።

ጽዮን