ክሩን ማን በጠሰው? ለቴሌቪዥን ጣቢያው የስፖርት ክፍል ኃላፊ

እሑድ ሰኔ 9 ቀን፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ውሎ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። የራኬት ክር በምወጥርበት ሱቄ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ታላቅ እህቴ፣ ራኬቱን ሊያስወጥር የመጣ አንድ የስፖርት አስተማሪ፣ እንዲሁም ከግድግዳው ቴሌቪዥን ላይ የተከበሩት ተንታኝዎ ነን።

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ቤተሰብዎስ? በተለይ የእጅዎ ጣቶች አሥሩም ደህና እንደሚሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። የእኔ ስምንቱ ደህና ናቸው፤ ስለ ሁለቱ ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

የቀድሞውን የቴኒስ ሻምፒዮን ተንታኝ አድርገው ስላመጡልን አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ በቁጥር እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ቴኒስ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ልጃገረዶች ኳስ ሲቀባበሉ ተንታኝዎ «ጨርሻት! ጉሮሮዋ ላይ ቁሚባት! ደሟን አሳዪን!» እያሉ ስህተቴን አርመውልኛል። እህቴም «ኧረ ቢላዋ አቀብሉት!» በማለት አድናቆቷን ገልጻለች።

2ኛ. ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ዋንጫ ያጡት በመጨረሻዋ ኳስ የራኬታቸው ክር ስለተበጠሰ እንደሆነ ነገሩን። «የወጠረችው ሴትዮ እስከ ዛሬ ስታዲየሙ ማዶ ሱቅ አላት፤ እሷ ዘንድ የሚሄድ ወዮለት! ያን ቀን ግን ጣቷን ቆንጠጥ አድርጌያታለሁ» አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት አቅራቢም በሁለት እጃቸው ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ።

ቁንጠጣው እንዲህ ነበር። ከጨዋታው በኋላ፣ በስታዲየሙ ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ቀኝ እጄ መወጠሪያው ማሽን ላይ እንዳለ፣ በራኬቱ ጠርዝ ሦስት ጊዜ መቱኝ። በመጀመሪያው የቀለበት ጣቴ ተሰበረ፤ በሁለተኛው ትንሿ። ሦስተኛው ለምን እንዳስፈለገ የቴክኒክ ትንታኔ ቢሰጡን ደስ ይለኛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የእናንተ ጣቢያ ግን የወጋውም እንዳይረሳ ማይክሮፎን ሰጥቶታል።

3ኛ. አስተማሪው «እትዬ፣ አይቀየሙኝ፤ ነገ ግጥሚያ አለብኝ» ብሎ ራኬቱን ከነዝናቡ ይዞ ወጣ። እስኪመሽ ሦስት ደንበኞች ደውለው ራኬታቸውን እንዳልነካ ነገሩኝ። በሃያ ስድስት ዓመት ያገኘሁትን ስም ተንታኝዎ ከማስታወቂያ በፊት ስለጨረሱልኝ ለፍጥነታቸው አድናቆቴ ይድረሳቸው።

በእኛ ሥራ አንድ ክር ሲበጠስ የቀሩትን ወዲያው መቁረጥ ነው፤ አለዚያ ፍሬሙ ይጣመማል። ያን ቀን ተንታኝዎ እጄ ላይ ጥለውት የሄዱትን ራኬት ክር ግን አልቆረጥኩትም። ክሩ የተበጠሰው ከጫፉ፣ ፍሬሙ ከተሰረጎደበት ላይ ነው። ስርጉዱ ላይ አረንጓዴ ቀለም አለ። የመረቡ ምሰሶ አረንጓዴ ነበር። ከመጨረሻዋ ኳስ ሁለት ነጥብ ቀደም ብሎ ተንታኝዎ ተናደው ራኬቱን ከምሰሶው ጋር አላትመውት ነበር፤ ክሩ ያን ጊዜ ተላጠ። ጣቢያዎ ሙሉ ቅጂው አለው፤ የሚያሳየው ግን የመጨረሻዋን ኳስ ብቻ ነው። ሦስት ደቂቃ ብቻ ወደ ኋላ እንዲመልሱት እለምናለሁ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። ራኬቱን ከተሰቀለበት ምስማር አወረድኩ። አቧራውን ጠረግኩ፤ ቀለሙን አልነካሁም። በጋዜጣ ጠቅልዬ በእግሬ ወደ ጣቢያዎ መጣሁ። የበር ጥበቃው መዝገብ ላይ «አንድ አሮጌ ራኬት» ብሎ ጻፈ። «አሮጌ» የሚለውን ሰርዞ «ሰው የተመታበት» ብሎ እንዲጽፍ ጠየቅሁት፤ ጣቶቼን አየ፣ ሰረዘ፣ ጻፈ። ራኬቱን አስረክቤ ፈረምኩ። ተመልሼ ሁለት ሰዓት ላይ ሱቄን ከፈትኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ሦስቱን ደቂቃ በጉጉት የምትጠብቅ፣ በስምንት ጣት የምትወጥር አክባሪዎ፣
ከስታዲየሙ ማዶ ያለችው ራኬት ወጣሪ

ማሳሰቢያ፦ ተንታኝዎ ራኬቱን ሲያዩ በልማድ ሊያነሡት ይችላሉ። ስለዚህ አጠገባቸው የሚቀመጡት ሳቂታ አቅራቢ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ እንዲያነሡ በታላቅ አክብሮት እመክራለሁ።