የቴሪ ቁርስ

ውድ ራትሪ፣

ባንቱል ውስጥ፣ ከሩዝ ማሳው ዳር ባለው የስብሰባ አዳራሻችን በር ላይ የጮኸብሽን ሽማግሌ አትረሺውም። እኔ ነኝ፤ ዊርዮኖ፣ የድመቷ የቴሪ ባለቤት። ድመቴ ከሞተች አምስት ወር አለፋት። ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ድመቶቻችንን ልታመክኑልን ከከተማ የመጣችሁ ዕለት የሰፈሩ ሊቀመንበር እኔ ነበርኩ። በዋዜማው በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ፣ «ከምሽት ጀምሮ ምንም እንዳታበሏቸው! ማደንዘዣ ሲሰጣቸው የበሉት ወደ ሳንባቸው ይገባል!» ብዬ ያወጅኩትም እኔው ነኝ። ጠዋት ግን ቴሪ እግሬ ላይ እየተጠማዘዘች አላስቀምጥ አለችኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቁርስ የምንበላው አብረን ነው። ከሳህኔ የተጠበሰ ዓሣ ቆርሼ ሰጠኋት። በዚህች ቅንጣት ምን ትሆናለች ብዬ።

አዳራሹ በር ላይ መዝገብ ይዘሽ ቆመሻል።

«አባባ፣ በልታለች?»

«አልበላችም።»

«ትንሽም ብትሆን? በልታ ከሆነ ችግር የለውም፣ ሌላ ቀን ይደረግላታል።»

ሰልፉ ሁሉ ይሰማል። ጎረቤቴ ካርሲኒ ከኋላዬ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ? ያወጁት እኮ እሳቸው ናቸው!»

እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «አልበላችም አልኩሽ! ስንቴ ልናገር?» ብዬ ጮኽኩብሽ። አቀርቅረሽ ጻፍሽ።

የቀረውን በመስኮት አየሁት። ቴሪ የማደንዘዣውን መርፌ እንደወሰደች፣ ገና ቢላ ሳይነካት አስመለሰች። የመምጠጫውን ቱቦ ጉሮሮዋ ውስጥ አስገባሽ፣ ኦክስጅን ሰጠሻት፣ በጣቶችሽ ደረቷን ተጫንሽ። ሐኪሙ ዶክተር ፕራቶሞ «ይበቃል ራትሪ» ቢሉሽም አላቆምሽም።

ስትወጪ እጅሽ ላይ ጨርቅ ነበር፤ ጨርቁ ላይ የዓሣ ቁራጭ። ቀጥ ብለሽ አየሽኝ። ካርሲኒ የራሷን ድመት እንዳቀፈች፣ «ገደሏት! በመርፌ ገደሏት!» ትላለች። አፍሽን ከፈት አደረግሽ። ከዚያ ጨርቁን አጠፍሽና «ይቅርታ አድርጉልን» አልሽ። እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እንደ ይቅር ባይ ሰው ራሴን ነቀነቅኩልሽ።

ሰዉ ድመቱን እየያዘ ወደየቤቱ ገባ። እናንተም ዕቃችሁን ጭናችሁ ሄዳችሁ። አዝነሽልኝ ይሆናል ዝም ያልሽው። ብትሰድቢኝ ይቀለኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ካርሲኒን የድመት ግልገሎች በካርቶን ይዛ ወደ ገበያ ስትሄድ አገኘኋት። ስድስት ናቸው፤ ዓይናቸው እንኳ አልተገለጠም።

«የት ልትወስጃቸው ነው?»

«ልጥላቸው ነዋ! ምን ላድርግ አባባ? ለእነዚያ ገዳዮች እናታቸውን አልሰጥ!»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። እዚያው መንገድ ላይ ነገርኳት። ካርቶኑን መሬት አስቀመጠች።

«ልጅቷ ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

«አውቃ ነው ይቅርታ የጠየቀችን?» አለችና ግልገሎቹን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ደህና ዋሉ እንኳ አላለችኝም።

እሑድ በስብሰባው ላይ ለሁሉም ተናገርኩ፤ ሊቀመንበርነቱንም ለቀቅኩ። ይቆዩልን ያለኝ የለም። ሐኪሞቹ ተመልሰው እንዲመጡ ግን ሁሉም ተስማማ።

ዶክተር ፕራቶሞ ዘንድ ደወልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማደንዘዣ መስጠት እንደተውሽ፣ መድኃኒት ቤት ተቀጥረሽ ሣጥን እንደምትደረድሪ ነገሩኝ። «ሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ ትላለች» አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ እስኪመሽ ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ልጄ፣ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው። ይቅርታሽን ለመለመን ፊት የለኝም። ግን ይህን እወቂልኝ፤ ሦስተኛም፣ አሥረኛም ጊዜ ብትጠይቂኝ እዋሽሽ ነበር።

በራሱ የሚያፍረው፣
ዊርዮኖ