ሳይሄዱ የተመለሱ ሰባት መኪኖች

ለተከበሩ የበረሃ የቡድን ጉዞዎች ደህንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከመቀመጫዎ በላይ ያለ ዕረፍት የሚሠራው አየር ማቀዝቀዣ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ጽኑ ተስፋ አለኝ። እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ባለፈው ወር እሑድ ዕለት ፈቃድ ሰጥተው ወደ በረሃ ከሸኟቸው ሰባት መኪኖች በመጨረሻዋ ውስጥ ባለቤቴና አባቴ ነበሩ። ስለ መሥሪያ ቤትዎ ጥንቃቄ ከሩቅ ስሰማ ኖሬ አሁን በቤቴ ስለደረሰ፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

1. ስለ ባንዲራዎቹ። መኪኖቹ በአሸዋ ጉብታ ሲከለሉ አንዱ ሌላውን እንዲያይ በረጅም ዘንግ ላይ የሚሰቀሉትን ሰባት ብርቱካናማ ባንዲራዎች የሰፋሁት እኔ ነኝ። ነፋስ እንዳይተረትራቸው ጠርዛቸውን ሁለት ጊዜ በስፌት መትቼዋለሁ። ሳስረክብ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ጨርቁን ዳስሶ ስፌቴን ካደነቀ በኋላ፣ ባንዲራዎቹ ቋሚ ንብረት ሆነው ስለተመዘገቡና ፀሐይ ቀለማቸውን ስለሚያደበዝዘው ወደ በረሃ እንደማይወጡ በትሕትና አስረዳኝ። ዛሬም በመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ ቀለማቸው እንደ ሰፋኋቸው ቀን ነው። ለእጄ ሥራ እስከዚህ የሚሳሳ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም።

2. ስለ መገናኛ ሬዲዮው። ለሰባተኛዋ መኪና ሬዲዮ ተሰጥቷታል፤ ይህን ማንም ሊክድ አይችልም። ባትሪው ግን አላቂ ዕቃ በመሆኑ የሚወጣው ከሌላ ክፍል ነው፤ የዚያ ክፍል ኃላፊ ደግሞ እሑድ አይገቡም። ስለዚህ አምስት ሰዓት ገደማ መኪናዋ ከአንድ ጉብታ ጀርባ እስከ ሆዷ አሸዋ ውስጥ ስትቀበር፣ ባለቤቴ ባትሪ የሌለው ሬዲዮ ይዞ ክላክስ ሲያስጮህ ቆየ፤ ድምፁን ነፋስ ወሰደው። ስድስቱ መኪኖች በመመሪያዎ አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት እያንዳንዳቸው ከፊታቸው ያለውን አቧራ እየተከተሉ ሄዱ። ወደ ኋላ እንዲያዩ የሚያዝ አንቀጽ ስለሌለ ሕግ የጣሰ ሰው የለም።

3. ስለ ውኃው። እዚህ ላይ አባቴን ላስተዋውቅዎ። ሠላሳ አራት ዓመት በመዝገብ ቤት ያገለገሉ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያዩ ከመቀመጫቸው ለመነሣት የሚቃጣቸው ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከቤት አልወጣ ቢሉኝ፣ ነፋስ ይቀበሉ ብዬ ለምኜ የላክኋቸው እኔ ነኝ። በመኪናዋ ውስጥ የነበሩት ሁለት የመጠባበቂያ ውኃ ጀሪካኖች አፋቸው በሽቦ ታስሮ በእርስዎ ማኅተም የታሸገ ሲሆን፣ ያለ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ መክፈት የተከለከለ መሆኑ በወረቀት ተለጥፎባቸዋል። የያዙትን ውኃ ጠጥተው ሲጨርሱ ባለቤቴ ሽቦውን ሊቆርጥ ፒንሳ ቢያወጣ፣ አባቴ እጁን ያዙት። ማኅተም የሚሰበረው በቃለ ጉባኤ ነው አሉት። ባለቤቴም አማቱን የሚያከብር ሰው በመሆኑ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሁለቱም የሞላ ጀሪካን ተደግፈው ሲጠሙ ዋሉ። ማኅተሙ የተሰበረው አባቴ ራሳቸውን ሲስቱ ነው። ያለ ቃለ ጉባኤ በመሰበሩ በእሳቸው ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ሲነቁ መጀመሪያ የጠየቁትም ስለ ቃለ ጉባኤው ነው።

4. ስለ መዝገብዎ። ከሁሉ ይልቅ የማመሰግንበት ቃል ያጣሁለት ይህ ነው። ተጓዦቹ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሲሰለፉ፣ ማታ ደክሟቸው እንዳይንገላቱ በማሰብ፣ በመውጫውም በመመለሻውም ዓምድ በአንድ ጊዜ እንዲፈርሙ ይደረጋል። የመመለሻው ሰዓት አስቀድሞ ተጽፏል፤ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ስለዚህ ሰባቱም መኪኖች ገና ሞተር ሳያስነሡ በሰላም ተመልሰዋል።

ዐሥር ሰዓት ላይ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ደወልኩ። መዝገብ ያዧ ገጹን ገልጣ፣ ባለቤቴ በሰዓቱ ተመልሶ መፈረሙን ነገረችኝና፣ ወደ ሌላ ቦታ ጎራ ብሎ እንዳይሆን በጨዋ ደንብ ጠቆመችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ መንግሥት የጻፈውን የማምን ሴት ነኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ በልብስ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ፣ ከየትኛዋ ሴት ጋር ነው እያልኩ ስበግን ቆየሁ። ጎራ ሊል የፈለገ ባል አማቱን አስከትሎ እንደማይሄድ ትዝ ያለኝ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አባቴ በረሃ ላይ ወድቀው እኔ የቀናሁባትን ያቺን ሰዓት ለእርስዎም ለራሴም ይቅር ማለት አቅቶኛል።

እንዴት እንደተገኙ ለመዝገብዎ ይጠቅም ይሆናል። ከባንዲራዎቹ የተረፈውን ቁራጭ ጨርቅ ለአባቴ ወገብ መደገፊያ ትራስ ልብስ አድርጌው ነበር። ባለቤቴ መኪናዋ ውስጥ ከነበረው ትራስ ገፎ አካፋ እጀታ ላይ አሰረውና ጉብታው ጫፍ ላይ ተከለው። አንድ የጠጠር መኪና ሹፌር ከሩቅ አይቶ፣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ደረሰላቸው። ሹፌሩ የእርስዎን መመሪያ አላነበበም፤ ወደ ጎን የማየት ልማድ ግን አለው።

5. ስለ ምስክር ወረቀቱ። በሦስተኛው ቀን ጉዞውን በፍጹም ደህንነት ስለማጠናቀቃቸው ለሁለቱም የላኩት ምስክር ወረቀት ደርሶናል። የአባቴን ከሆስፒታል አልጋቸው ራስጌ ለጥፌዋለሁ። ሐኪሙ ኩላሊታቸው ወደ ሥራው ይመለስ እንደሆነ ገና አላወቁም፤ የእርስዎ ወረቀት ግን አይጠራጠርም።

ከእርስዎ አሠራር ተምሬ፣ አባቴ በተኙበት ቀን ነርሷን ድነው የወጡበትን ቅጽ አሁኑኑ ልፈርም ብዬ ጠይቄያት ነበር። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ውኃ አመጣችልኝ።

በመጪው ቅዳሜ ዐሥራ ሁለት መኪኖች እንደሚወጡ በራችሁ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ አንብቤያለሁ። ልመናዬ አጭር ነው፤ የመመለሻው ዓምድ ሰው እስኪመለስ ባዶ ይቆይ፣ ውኃውም ለሚጠማው ይከፈት። ባንዲራዎቹን ከቁም ሣጥኑ አውጡ ብዬ አላስቸግርዎትም። ዐሥራ ሁለት አዲስ ሰፍቻለሁ፤ በየትኛውም ንብረት ክፍል አልተመዘገቡም። ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ በራችሁ ቆሜ በየመኪናው ላይ በእጄ አስራቸዋለሁ። ፀሐይ ቢያደበዝዛቸው ደስታዬ ነው።

ክብርዎን ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ ጥንቃቄዎን ከቶ የማልረሳው፣

የባንዲራዎቹ ሰፊ፣ የሰባተኛዋ መኪና ሹፌር ሚስት፣ የአልጋ ቁጥር ዐሥራ አራት አስታማሚ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ እንዳይንገላቱ በማሰብ፣ ለዚህ ደብዳቤ የሚሰጡኝን መልስ በሚገባ መቀበሌን ዛሬ ጠዋት ፈርሜ ለመዝገብ ያዧ ልኬላታለሁ። ስለዚህ መልስ ሰጥተዋል፤ አመሰግናለሁ። እኔ ዘንድ ካልደረሰ፣ ወደ ሌላ ቦታ ጎራ ብሎ ይሆናል።