የተቆረጠው ግማሽ

የካቲት 3

ካርዴን አስነካሁ፣ በሩ ተከፈተ፣ ቀና ስል ራሴን አየሁ። እንግዳ መቀበያው ጋ ባለው ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ላይ። ፈገግ ብዬ። "እዚህ ማንም ብቻውን አይደለም" አልኩ። ጠፋሁ። በቦታዬ የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ እኔ። "እዚህ ማንም ብቻውን አይደለም።"

ቆሜ ቀረሁ። ጥበቃው "ኮከብ ሆንሽ እኮ!" አለኝ።

አፉ የኔ ነው። ድምፁም የኔ ነው። ግን እንዲህ አላልኩም!

ያልኩትን እዚህ ልጻፈው፣ ቢያንስ አንድ ቦታ ሙሉውን ይኑር። "ደንቡ እዚህ ማንም ብቻውን አይደለም ይላል። ውሸት ነው። ኔትወርክ ሊጠግኑ ታወር የሚወጡት ልጆች ብቻቸውን ነው የሚወጡት። አንዱ ቢወድቅ የሚያይለት የለም።" መሃሉን ወሰዱ፣ ራሱንና ጭራውን ጣሉ። ፈገግታውስ? የመብራቱ ማቆሚያ ካሜራ የያዘው ሰውዬ እግር ላይ ሲወድቅ የሳቅኩት ነው። እሱን አምጥተው ለጠፉበት።

ቪዲዮውን ያዘዘው ውጭ አገር ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው አሉ። ድርጅቱ ባለበት አገር ሁሉ፣ ሠራተኛው ስለ ድርጅቱ ምን ያስባል ተብሎ። "በነፃነት ተናገሩ" ተባልን። ተናገርኩ... ሞኝ!

የካቲት 4

እናቴ ደወለች። አክስቴ ቪዲዮውን ከኢንተርኔት ልካላት አይታዋለች። "ፈገግታሽ ሲያምር! እዚያ ሰው አለሽ ማለት ነው፣ ልቤ አረፈ።" ምን ልበላት? "እሺ እማ" አልኩ።

የካቲት 5

የሰው ሀብት ኃላፊዋ ቢሮ ገባሁ።

"የኔ ቆንጆ፣ አሳጠርነው እንጂ አልቀየርነውም። ከአፍሽ ያልወጣ ቃል አለበት?"

"የለበትም።"

"እና?"

"ከአፌ የወጣው ሁሉ የለበትማ!"

ሳቀች። "ስንቱ እዚያ ላይ ለመታየት ይለምናል መሰለሽ። ምን ያነጫንጭሻል?" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ደግሞ ፈርመሻል እኮ።"

ፈርሜያለሁ። ፊቴን እንዲጠቀሙበት። ምላሴንም ጨምሬ ሰጠሁ እንዴ? በሩን በኃይል ወርውሬ ወጣሁ... ቀስ ብሎ የሚዘጋ ዓይነት በር ነው። እሱም አልታዘዘኝም።

የካቲት 7

ድመቱ የምንለው የታወር ሠራተኛ ምሳ ሰዓት ካፌው ውስጥ ነበር። ታወር ላይ አወጣጡን ያየ ሰው ነው እንዲህ ብሎ የሰየመው። ገና ከሩቅ ሲያየኝ፣

"ተነሡላት! ጓደኛ ያጣ ሁሉ ወደ እሷ ይሂድ!"

ካፌው ሳቀ።

"ምሁሯ፣ እኔንስ ማን ነው አብሮኝ የሚወጣው? አንቺ ነሽ? ገመድ ላምጣልሽ?"

አጠገቡ ተቀመጥኩና ያልኩትን ሙሉውን ነገርኩት። ሳቁን ተወ። ማንኪያውንም አስቀመጠ።

"ሚስቴም አየችው" አለ። "ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ስትጨቀጭቀኝ ነበር። አሁን 'ለካ ሁለት ናችሁ' ብላ ተወችኝ።"

"ምን አልካት?"

"ምን እላታለሁ?"

አንዲት የማላውቃት ሴት፣ በኔ ፊት ተታልላ፣ ነፋስ ሲነፍስ መስጋት ተወች...

የካቲት 9

እሁድ። ልብስ አጠብኩ። መደርደሪያውን አራገፍኩ፣ መልሼ ደረደርኩ። ወጣሁ፣ ገባሁ። እግሬ አልቆም አለኝ።

ሥራዬን ብጠላው ኖሮ እንዴት በቀለለኝ! እወደዋለሁ። ኔትወርክ የተቋረጠበት ሰፈር ሲመለስለት፣ ካርታው ላይ ቀዩ ነጥብ አረንጓዴ ሲሆን... ዛሬም ደስ ይለኛል። ደመወዙ ደህና ነው። ሕክምናም አለ። ሁሉም ይሄን ይላል፣ እውነቱን ነው። ቀጥሎ ግን ዙሪያውን ቃኝቶ በሹክሹክታ "ደንቡ ግን አይከበርም" ይላል። መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ጎኔ የሚቀመጠው ልጅ ሹክሹክታውንም ትቶታል። "ኪራይሽን የሚከፍልልሽ ደንቡ ነው እንዴ?" ይለኛል።

ሰው ታወር ላይ ከመውጣቱ በፊት ይደውልልኛል። ጨረሩ እንዳይጎዳው አንቴናውን የማጠፋለት እኔ ነኝ። ደንቡ ሁለት ሰው ይውጣ ስለሚል፣ "ሁለት ናችሁ?" እላለሁ። "ሁለት ነን" ይላል። የሠራተኛ ቁጥር ከተቀነሰ ወዲህ ሁለተኛው ሹፌሩ ነው፤ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ይቆጠራል። እንዲህ በሉ ተብለዋል።

እኔ ካላጠፋሁ ማንም አይወጣም።

ቆይ... እኔ ካላጠፋሁ ማንም አይወጣም!

የካቲት 11

ጠዋት ነፋሱ መስኮቱን ሲደበድብ ነበር። ድመቱ ብልሽት ሊጠግን ከሄደበት የኮረብታው ታወር ደወለ።

"አጥፊልኝ ምሁሯ።"

"ሁለት ናችሁ?"

"ሁለት ነን።"

"ሁለተኛውን አቅርብልኝ።"

ነፋሱ ብቻ ተሰማ።

"ይሄውልሽ፣ እያፏጨልሽ ነው" አለ። ሊያስቀኝ ነበር። እሱ ራሱም አልሳቀም።

"አላጠፋም። አትውጣ።"

"ኧረ በፈጠረሽ! እኔን ነው የሚጠይቁኝ።"

"እሷ ናት በላቸው።"

ብዙ አልቆየም፣ አለቃዬ እየሮጠ መጣ። "ብልሽቱ እስኪጠገን ግማሽ ሰፈር ስልክ የለውም! ምን እየሠራሽ ነው?"

"ሁለተኛ ሰው ላኩለት። ያኔ አጠፋለታለሁ።"

"ማን ስለሆንሽ ነው?"

"ስክሪኑ ላይ ያለሁት ነኝ። እዚህ ማንም ብቻውን አይደለም ብያለሁ። ለዓለም ያሳያችሁት እናንተ ናችሁ። ታዲያ አሁን ቃሌን ላጥፍ?"

ጎኔ ወዳለው ልጅ ዞሮ "አንተ አጥፋው!" አለ። ያ ኪራይ ኪራይ የሚለው ልጅ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ። "የሷ ተራ ነው፣ እኔ አልነካም" አለ። ዓይኑን ግን ከጠረጴዛው አላነሳም።

ስልኩን ወደ ራሴ ሳብኩት።

ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ጎርናና ድምፅ። "ሁለተኛው እኔ ነኝ። ከመጋዘን ጎትተው አመጡኝ። ደስ አለሽ?"

"በጣም!"

አጠፋሁ። ጠበቅኩ። በመጨረሻ ድመቱ ደወለ።

"ወረድን" አለ።

የካቲት 12

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጡኝ። ትእዛዝ ባለመቀበል። ከደገምኩት እሰናበታለሁ።

እናቴ ጋ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፣ ፈገግታው ከየት እንደመጣ ጭምር። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ "ሰውዬው እግሩን ተጎዳ?"

"አልተጎዳም እማ።"

"እሰይ። እንግዲህ አንቺም እግርሽን አጽኚ።"

የካቲት 14

ስክሪኑ ላይ የለሁም። በቦታዬ አበባ አስገብተዋል። ጥበቃው "ከዙፋን አወረዱሽ?" አለኝ። "በገመድ ነው የወረድኩት" አልኩት። አልገባውም፣ ግን ሳቀ።

መቆጣጠሪያ ክፍል ስገባ ጎኔ ያለው ልጅ ስልክ ይዟል። አንገቱን ደፍቶ፣ ቀስ ብሎ፣ ማንም እንዳይሰማው ይመስል፣ "ሁለተኛውን አቅርብልኝ" አለ። ያልሰማሁ መሰልኩ። ወንበሬን ሳብኩና ተቀመጥኩ።

ያባርሩኝ ይሆናል። ኪራዩስ? አላውቅም። ሌላ ሥራ ቶሎ ይገኛል? እሱንም አላውቅም። ይሄን ግን አውቃለሁ፦ እዚህ ወንበር ላይ እስካለሁ ድረስ የተኛን ሹፌር ሰው ብዬ አልቆጥርም። የሁለተኛውን ድምፅ በጆሮዬ ሳልሰማ አንቴና አላጠፋም። ስለ ድርጅቱ ምን ታስቢያለሽ ብሎ የሚጠይቀኝም ካለ፣ እስክጨርስ ቁጭ ብሎ ይስማ። ግማሽ ቃሌን ይዞ የሚሄድ ሰው ከእንግዲህ አልቀበልም።